ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ከፍታ ላይ ለመቆም፦ ቤዛዊት፣ ጢስ ዓባይ፣ ዘጌ ወይስ ጎርጎራ?

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ሳይክል ለመንዳት የምትመቸውም ለዚህ ነው። ከጣና ዳር ተነስቶ አዲሱ የዓባይ ድልድይ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ዳገት የለም። ከተማዋንም ሐይቁንም ከላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ወጣ ማለት አለበት። እንግዳ የመጣባቸው ወዳጆች፣ ቅዳሜን ከልጆቻቸው ጋር ማሳለፍ የሚፈልጉ ወላጆች፣ ለመስክ ሥራ መጥተው ግማሽ ቀን የተረፋቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «አጭር የእግር ጉዞ፣ መጨረሻው ላይ ጥሩ እይታ ያለው፣ የቱ ይሻላል?»

ብዙ ጊዜ መልሱ በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ይሄ ቅርብ ነው፣ ያኛው ሩቅ ነው ይባልና ያበቃል። እኔ ከርቀቱ በፊት ወሩንና ሰዓቱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። በአካባቢያችን ያሉት ከፍታዎች ሁሉ የሚያሳዩት ውኃ ነው። ውኃው ደግሞ በመስከረምና በመጋቢት አንድ አይደለም፤ በጠዋትና በማታም እንደዚያው። በመስከረም ከሁሉም የሚበልጠው ቦታ መጋቢት ላይ ብትሄዱበት ቅር ብሏችሁ ትመለሳላችሁ።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ቤዛዊት። ወሩ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነና ግማሽ ቀን ካላችሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት ጢስ ዓባይ። ፀሐይ የሚከብደው ሰው አብሯችሁ ካለ ዘጌ። ኮረብታ ወጥቼ፣ አናቱ ላይ የቆመ ነገር ሥር ቆሜ ጣናን እንደ ባሕር ልየው ካላችሁ ጎርጎራ፤ እሱ ግን አዳር ይፈልጋል።

ጉና ተራራን ያላስገባሁት በምክንያት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ለአጭር ጉዞ አይሆንም፤ ብርዱም ዝግጅቱም ሌላ ነው። በጎንደር መንገድ አዲስ ዘመን አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመው «የእግዚአብሔር ጣት» የሚባለው ድንጋይም ከመኪና ወርዶ ለማየት እንጂ ለመውጣት የሚታሰብ አይደለም።

ቤዛዊት

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ዓባይን ተሻግራችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ትሄዱና ኮረብታውን ትወጣላችሁ። በባጃጅ እስከ ላይ መድረስ ይቻላል። ጉልበት ያለው በሳይክል ይሄዳል። እኔ የምመክረው ግን ባጃጁን ከኮረብታው ግርጌ አስቁሞ ዳገቱን በእግር መውጣትን ነው። አጭር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በእግር ስትወጡ ወንዙ ከዛፎቹ መሃል ትንሽ በትንሹ ይገለጥላችኋል። በባጃጅ ከሆነ ላይ ደርሳችሁ ዘወር ስትሉ ብቻ ነው የምታዩት።

አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ወደ ግቢው ለመግባት አትሂዱ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ካሜራም ስልክም ወደ ግቢው ማዞር ችግር ያመጣል። ይህን ለእንግዶቻችሁ ገና ከታች ሳላችሁ ንገሯቸው። ፎቶ የሚነሳው ጀርባን ለቤተ መንግሥቱ ሰጥቶ፣ ፊትን ወደ ወንዙ አዙሮ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ጠባቂዎቹን በትህትና ጠይቁ።

ከዚያ ላይ የሚታየው ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞ የሚጀምርበት ሜዳ ነው። ወንዙ እዚህ ገና አልተቆጣም። ሰፊ ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ዳር ዳሩን ደንገልና ዘንባባ ይዞ ይጠማዘዛል። ወዲያ ከተማዋ፣ ከከተማዋ ጀርባ ሐይቁ። ይህ ወንዝ ጥቂት ወርዶ ጢስ ዓባይ ላይ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ጸጥታው ራሱ ይገርማል። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። ከላይ ሆኖ ማየቱ ጥሩ ነው። ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ መፈለግ ግን አደጋ አለው፤ በተለይ ሲመሽ ጉማሬ ለመጋጥ ከውኃ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ የቆመ ሰውን አይምርም።

ሰዓቱን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ። ሐይቁና ከተማው ከኮረብታው ወደ ምዕራብ በኩል ናቸው። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ትሆንና በሐይቁ በኩል ስትጠልቅ ታያላችሁ። ለዓይን ከዚህ የሚያምር የለም። ወንዙንና ከተማውን ጥርት አድርጎ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ግን ጠዋት ይሻላል፤ ያኔ ፀሐይዋ ከኋላ ናት። ማታ ከሄዳችሁ ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ ተነጋገሩ፤ ዋጋውንም መሄጃና መመለሻ ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። ጨለማ ሳይወድቅ መውረድ ነው።

ቤዛዊት አንድ ጉድለት አለው። እንደ ጉዞ ቶሎ ያልቃል። መሄድ መሄድ ያለው ሰው አይጠግብም። ሌላው ጥቅሙ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለማሳፈሩ ነው። በጋም ሆነ ክረምት እይታው አለ። ክረምት ላይ ብቻ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚጥል ጠዋቱን ምረጡ።

ጢስ ዓባይ

ብዙ ሰው ጢስ ዓባይን እንደ ፏፏቴ ብቻ ነው የሚያስበው፤ እንደ እግር ጉዞ አያየውም። እኔ ግን በባሕር ዳር ዙሪያ ካሉት አጫጭር ጉዞዎች አንደኛ የማደርገው እሱን ነው። መውረድ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ዳገት አለው፣ ዳገቱን ጨርሰህ ቀና ስትል ደግሞ ፊት ለፊትህ ያ ሁሉ ውኃ ሲወድቅ ታየዋለህ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ የመግቢያ ትኬት ይቆረጣል፤ አስጎብኚም እዚያው ይገኛል። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በድልድዩ በኩል ዞሮ ኮረብታውን የሚወጣው ነው። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳው የሚሄደው ነው።

በድልድዩ በኩል ያለውን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ቁልቁል ወርዳችሁ ድንጋይ ድልድዩ ላይ ትደርሳላችሁ። የአላታ ድልድይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። በዘመኑ እዚህ የነበረው ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ማኑዌል ደ አልሜዳ ግን የሠራው ከሕንድ የመጣ ግንበኛ እንደሆነ ጽፏል። ከሥሩ ዓባይ ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ተጨንቆ ያልፋል። ቤዛዊት ላይ ያን ያህል ሰፍቶ ያያችሁት ወንዝ ነው እዚህ እንዲህ የጠበበው። እዚያ ጋ ቆም በሉ። ብዙ ሰው ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ቸኩሎ ሮጦ ያልፈዋል።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። ረጅም አይደለም፤ ግን ድንጋያማ ነው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። በመንደሩ መሃል ታልፋላችሁ። ልጆች ሸማ፣ ነጠላና የቅል ዕቃ ይዘው ይከተላሉ። የምትገዙ ከሆነ ስትመለሱ ብትገዙ ሸክም ይቀንስላችኋል። ኮረብታው አናት ላይ ስትደርሱ ፏፏቴው ከማዶ ነው። ከፍታው ወደ 45 ሜትር ይጠጋል። ክረምቱ ሲጠግብ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ያኔ ጭሱ እናንተ ጋ ድረስ መጥቶ ልብስ ያረጥባል። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ፣ በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ፏፏቴው ሥር ድረስ መጠጋት ይቻላል። መመለሻውን በላይ በኩል በጀልባ ካደረጋችሁት ዙሩ ይገጥማል። ሳይቻኮሉ፣ እየተቀመጡ ለሚሄዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

አሁን ወሩን እንነጋገር፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ተጨመረ። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ደግሞ ጨራጨራ ላይ በተሠራው ግድብ መጠኑ ይወሰናል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በቀጥታ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል። ይህ ሁሉ ለአገር መብራት ነው፣ የሚወቀስ አይደለም። ግን ለጎብኚ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በበጋ ወራት ገደሉ ላይ የምታዩት ጥቂት ነጫጭ ክሮች ብቻ ሊሆን ይችላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንግዳ ይዛችሁ አትሂዱ። በድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ ያየውን ፏፏቴ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ነሐሴ ላይ ውኃው ከፍተኛ ነው፣ ጭቃውም እንደዚያው። ዋልካው ጫማ ይጎትታል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ግን ሁሉም ይገጥማል፦ ውኃው ገና ሙሉ ነው፣ መንገዱ እየደረቀ ነው፣ ኮረብታው አደይ አበባ ለብሷል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ለሚችል ሰው ቀኑን እዚያ ውስጥ ይፈልግ እላለሁ። ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ዝቅ ባለችው ፀሐይ ከጭሱ ላይ ቀስተ ደመና ይወጣል፣ ዳገቱም ሳይሞቅ ያልቃል።

ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም አባት ካሉ በጀልባው በኩል ውሰዷቸው። ሜዳ ነው፣ ይደርሳሉ። ወንዙ እጅግ ሲሞላ ግን ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ።

ዘጌ

ዘጌ ላይ እይታ ፈልጋችሁ አትሂዱ። ይህን አስቀድሜ የምለው ልሳነ ምድሩ ከሩቅ ሲታይ እንደ ኮረብታ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «አናቱ ላይ ወጥቼ ጣናን ላያት» ብሎ ስለሚነሳ ነው። ዳገቱ አለ። አናቱም አለ። ግን ዛፍ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ሐይቁ በቅጠሎች መሃል ብልጭ ይላል እንጂ ወለል ብሎ አይታይም።

በአሜሪካና በካናዳ ደን በለበሱ ተራሮች አናት ላይ የእሳት መጠበቂያ ማማ የሚሠሩት ለዚህ ነበር። የደን ጠባቂው ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ካልወጣ ጭስ ከየት እንደሚነሳ አያይም። ዛሬ ብዙዎቹ ማማዎች ሥራ አቁመው የእግረኛ መዳረሻ ሆነዋል። በእኛ አገር ገበሬው ማሳውን ከወፍና ከጦጣ የሚጠብቅበት ማማ አለ፤ ዘጌ አናት ላይ ግን ከዛፉ በላይ የሚያወጣ ነገር የለም። ደግሞም እንኳን አልኖረ። የዘጌ ውበት ከሥር ነው ያለው።

ምክንያቱም ያ ጫካ ቡና ነው። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና፣ መሃል መሃሉ ጌሾና ሎሚ። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው በ14ኛው መቶ ዘመን የመጡት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን የተከሉት። በዚሁ ትውፊት መሠረት ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የዘጌ ሰው ግን ስለ ደን ጥበቃ የሚያውቀው ነገር ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ይቀድም ነበር።

ስለዚህ ዘጌን የምመክረው ለጥላው፣ ለወፉና ለገዳማቱ ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ቀስ ያለ ዳገት ነው፤ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ትንንሽ ታንኳ፣ የብራና ሥዕልና ቡና ይሸጣሉ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። አዝዋ ማርያምም ቅርብ ናት። ጉልበት ካላችሁ በጫካው ውስጥ ባለው የእግር መንገድ ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ እሱ ነው የዘጌ እውነተኛው የእግር ጉዞ። ለዚህ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፤ መንገዶቹ ይመሳሰላሉ።

በጀልባ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪናም ዞሮ መሄድ ይቻላል። ጀልባውን ለጠዋት አድርጉት። ጣና ጠዋት ጸጥ ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ትናወጣለች። ልጆች ካሉ ደግሞ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። ኡራና አዝዋ ሴቶችም ወንዶችም ይገባሉ። ባለ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ክብራን ገብርኤልን ጨምረው ያዞራሉ፤ እዚያ ግን ሴት አይገባም። ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እናትና ልጅን ጀልባ ላይ አስቀምጦ መውጣት ደስ አይልም። በምትኩ አጠገቡ ያለችውን እንጦስ ኢየሱስን መጠየቅ ይቻላል። ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መያዝ፣ የቅዳሴ ሰዓት ከሆነ መጠበቅ፤ ይህን ለእኛ ሰው መንገር ባያስፈልግም ለውጭ እንግዳ ንገሩ።

ጎርጎራ

ጎርጎራ በሰሜኑ የሐይቁ ዳርቻ ነው። ከባሕር ዳር በመኪና ለመድረስ በጎንደር በኩል ዞሮ መውረድ ስለሆነ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ይውላል። ከጎንደር ግን 65 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ጎንደር ለመሄድ ላሰበ ባሕር ዳሬ እንጂ ለቅዳሜ ከሰዓት አይሆንም።

የምጠቅሰው በአንድ ምክንያት ነው። ኮረብታ አለ፣ አጭር መውጫ አለ፣ አናቱ ላይ የቆመ ነገርም አለ፦ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት ከፍ ያለ የድንጋይ ሐውልት። ያቆሙት ለራሳቸው ክብር ነበር። እነሱ ሄዱ፣ ኮረብታውና እይታው ለእኛ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ወጥታችሁ ሐውልቱ ሥር ስትቆሙ ጣና ወደ ደቡብ ማዶዋ ሳይታይ ትዘረጋለች። ሐይቁ ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ በቁጥር ሰምታችሁ ይሆናል። ጎርጎራ ላይ ነው የሚገባችሁ። ከባሕር ዳር በኩል ደሴቶቹና ዘጌ ዓይንን ስለሚይዙት ይህን ያህል አይሰፋም።

አብሮ የሚታይ ብዙ ነው። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከነጥንታዊ ሥዕሎቿ ከተማው ውስጥ ናት። ራቅ ብሎ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ፣ ማርያም ግምብ የሚባለው አለ። ያው የአላታን ድልድይ ያሠሩት ንጉሥ ናቸው። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርትም ስላለ፣ ገንዘቡ ያለው ሰው ማደሪያ አያጣም።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆነ ቤዛዊትን አስቀድማለሁ፤ ቢደክማቸውም ባጃጁ ቅርብ ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያለ፣ መውጣት መውረድ የሚወዱ ልጆች ካሉ ጢስ ዓባይ ይሻላቸዋል፤ የተንጠልጣዩን ድልድይ ነገር ሲያወሩት ይከርማሉ። ከእናትና አባት ጋር ዘጌ፣ በተለይ ጾም ካልሆነ ተመልሶ ሐይቅ ዳር አሳ መብላት ይቻላል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ቤዛዊት ጠዋት ላይ ጥሩ ነው። ጢስ ዓባይን ግን ብቻ አትሂዱት፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ እግሩ የተጠመዘዘ ሰው ደግፎ የሚያወጣው ይፈልጋል።

ለፎቶ ብቻ የሚሄድ ወጣት አውቃለሁ፤ ምንም ክፋት የለውም። ለሱ ምክሬ ቤዛዊት ማታ፣ ጢስ ዓባይ ጠዋት ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግም ይቻላል፤ ከ12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ ጢስ ዓባይን ጨርሳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ፣ አረፍ ብላችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቤዛዊት ትወጣላችሁ። ወንዙን ጠዋት ገደል ሲገባ አይቶ፣ ማታ ሐይቁ ደጅ ላይ ተኝቶ ማየት ነው። ከተመቻችሁ ይህ ነው የእኔ ምርጥ ቀን።

የመንገዱ ነገር

ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ሁኔታ ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ለጢስ ዓባይም፣ በመኪና ለዘጌም፣ ለጎርጎራ ደግሞ በይበልጥ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። ያየው ሰው የነገራችሁ ከፌስቡክ ወሬ ይበልጣል። አይሆንም ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ቀኑን ለቤዛዊት ወይም ለሌላ ጊዜ አዙሩት። መታወቂያ ያዙ። ከከተማ ውጭ አታምሹ።

ውኃ በሰው ቢያንስ አንድ ሊትር፣ ለጢስ ዓባይ ሁለት። ኮፍያ፣ ዝርዝር ብር፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ። ስሊፐር ለቤዛዊት እንኳ አይሆንም፤ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ። ሐይቁ ውስጥም ሆነ ፏፏቴው ሥር ባለው ኩሬ ለመዋኘት አትግቡ፤ የጣና ውኃ ቢልሃርዝያ አለበት። መስከረምና ጥቅምት ትንኝ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማታ ቤዛዊት ላይ ወይም ሐይቅ ዳር ለምትቆዩ ሙሉ እጅጌ ልብስ ያስፈልጋል። ከሄዳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ የወባ ምርመራ አድርጉ።